ቆሞ መብላት ክልክል ነው

የሙሴ ስታቭሮ ምግብ ቤት ጎንደር ፒያሳ ውስጥ፣ ጣሊያን ሠርቶ ከሄዳቸው ቤቶች በአንዱ ሥር ነበረች። ስምንት ጠረጴዛ ይዛለች ስል ያላዩዋት ሰዎች አያምኑኝም፤ ክፍሏ ለአራትም ትጠብባለች። ወንበሮቹ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ናቸው። አንድ ሰው ልነሣ ካለ ከኋላው ያለው ሆዱን ወደ ጠረጴዛው መሳብ አለበት፤ እሱ እንዲስብ ደግሞ ከፊቱ የተቀመጠው ሾርባውን ብድግ ማድረግ አለበት። ስለዚህ እዚያ ቤት አንዴ የተቀመጠ ሰው እስኪጠግብ ድረስ አይነሣም።

እኔ እዚያ ስድስት ዓመት አስተናግጃለሁ። አስተናግጃለሁ ስል ግን ልዋሽ አልፈልግም፤ ከሦስተኛው ጠረጴዛ ወዲያ ያለውን የሚያስተናግደው ተመጋቢው ራሱ ነበር። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ "ለመስኮቱ አሮስቶ" ብዬ ሰሃኑን ለቅርቡ ሰው አቀብላለሁ፤ እሱ ከኋላው ላለው፣ ያም ለሚቀጥለው፤ ሰሃኑ በሰው ራስ ላይ እየተንሳፈፈ ባለቤቱ ዘንድ ይደርሳል። ሁሉም ለምዶታል፤ ጨዋታውን እንኳ አያቋርጥም። አልፎ አልፎ በመንገድ ላይ ድንች ይጎድላል። የሚያጎድለውን ሰው አውቀዋለሁ፤ አቶ ወልደ ገብርኤል ነው፤ እመጣበታለሁ።

ሙሴ ስታቭሮ ግሪክ ነው ይባላል እንጂ ጎንደር ተወልዶ ጎንደር ያረጀ ሰው ነው። ሲቆጣ በሥላሴ ይምላል፣ ሲደሰት ደግሞ በአባቱ አገር ቋንቋ ያንጎራጉራል። ደርግ መኖሪያ ቤቱን ወስዶበት የቀበሌ ተከራይ ሆኖ ነበር፤ ምግብ ቤቷ ግን ቀረችለት። "ይቺን የሚወርሳት ሰው የት ሊቆምባት ነው?" እያለ ይስቅ ነበር። ምግቡ ሦስት ዓይነት ነው፦ በእንቁላልና በሎሚ የሚሠራ ሾርባ፣ ከድንች ጋር የተጠበሰ የበግ አሮስቶ፣ ብርንጃል የተባለ አትክልትና የተፈጨ ሥጋ ተነባብሮ የሚጋገርበት ሙሳካ። አራተኛ የጠየቀ ሰው ይሰደባል።

ከባንኮኒው በላይ ግድግዳው ላይ በገዛ እጁ በቀይ ቀለም የጻፈው ማስታወቂያ ነበር፦ "ቆሞ መጠበቅና ቆሞ መብላት ክልክል ነው።" አንድ ጊዜ ቆሞ ወንበር የሚጠብቅ አስተማሪ ላይ ሾርባ ስለፈሰሰ ነው የጻፈው። ያቺን መተላለፊያ አንድ ሰው ከቆመባት ቤቱ ሁሉ ይዘጋል። በሌላው ነገር ሙሴ ለስላሳ ነው፤ በዚህ ሕግ ግን ከጳጳስም ጋር ይጣላ ነበር።

ምናለን ያገኘሁትም በቤቱ ጥበት ነው። ሆስፒታል ራጅ ክፍል ይሠራል። ምሳውን የሚበላው ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ነው፤ እኔ እጄ ሞልቶ በሩን በእግሬ ገፍቼ ስወጣ በሩ ትከሻውን ይመታዋል። በአንድ ምሳ ሃያ ጊዜ ሳይመታው አይቀርም። ሌላ ወንበር ሲለቀቅ አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ወጥ ቤቷ ይመኙሽ አንድ ቀን ሽንኩርቷን ትታ በቀዳዳው ስታየው ቆየችና፣ "አባይነሽ፣ ይህ ልጅ ወይ ትከሻው በድን ነው፣ ወይ አንቺን ይወድሻል" አለችኝ። ትከሻው ደኅና ነበር።

በጥር ሽማግሌ ላከ። አባቴ አያ ክንዱ ኮሶዬ ነው የሚኖረው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ከእኅቱ ከአክስቴ ከታየች ጋር ያርሳል፣ ያረባል። የሄዱት ሦስት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው፤ መሪያቸው አቶ ወልደ ገብርኤል፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ። ሰውዬው ደግ ነው፣ አንደበተ ርቱዕ ነው፣ ሆዱን ግን በምንም ሊያስተዳድረው አይችልም። ወደ ኮሶዬ ሲሄዱ ማኪናው ተበላሸ፤ ያን ዳገት በእግራቸው ወጡት፤ የኮሶዬ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። ገና ተቀምጠው ትንፋሽ ሳይሰበስቡ አክስቴ ታየች የዶሮ ወጥ አቀረበች።

ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም፣ ብላ ቢሉት አይበላም። "እሺ" እስኪባል ቆሞ ይለምናል፤ መብላት ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ነው። ይህን አቶ ወልደ ገብርኤል ያውቃል። ነገር ግን "ባለቤቷን ላለማስቀየም አንዲት ጉርሻ" ብሎ ጀመረ፤ ሁለቱም መሪያቸውን ተከተሉ። ሌማቱ ባዶ ሲሆን አባቴ እጃቸውን አስታጠበና፣ "ሸጋ። እንግዶቼ በላችሁ፤ እንግዲህ ሳይመሽባችሁ ግቡ" አላቸው። ጉዳይ አለን ቢሉት፣ "ጉዳይ ያለው ሰው እንዲህ ይበላል? እኔ እንጀራ የሚጨርስ ሽማግሌ አላውቅ" ብሎ እስከ መንገዱ ሸኛቸው።

ያን ሰሞን አቶ ወልደ ገብርኤልን ባየሁት ቁጥር ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ ድም አድርጌ ነበር የማስቀምጠው። እሱም ያውቃል፤ ቀና ብሎ አያየኝም፤ ግን ይበላል።

ከፋሲካ በኋላ ከኮሶዬ መልእክት መጣ። አምባ ጊዮርጊስ ያለ አንድ ባለ በቅሎ ሰው አስጠይቆኛል፤ ሽማግሌዎቹ ሰኞ ይመጣሉ፤ አባቴ ቅዳሜ ለገበያ ወርዶ በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ይዞኝ ይመለሳል። አባቴን አውቀዋለሁ፤ ሰኞ እሺ ካለ ማክሰኞ አይመለስም። ሽንኩርት ላይ አጎንብሼ አለቀስኩ፤ ሽንኩርት መሆኑን ማንም አላመነም። ምናለ ምሳውን ሳይጨርስ ወጥቶ ሄደ። ሙሴ ደግሞ የሚያውቀው መፍትሔ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ "አባትሽን መጀመሪያ እዚህ አምጭው፣ ይብላ" አለኝ።

ቅዳሜ ሆነ። በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ከተማው የሁለት ወር የሥጋ ናፍቆቱን እኛ ላይ ሊወጣ ይመጣል። ገበያም ስለነበር በስድስት ሰዓት አንድ ወንበር ብቻ ነበር የቀረው። አባቴ ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ባለፈው ዓመት በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ተምሮ የምስክር ወረቀት ተቀብሏል፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ሳያነብ አያልፍም። ማስታወቂያውን አየና ጮክ ብሎ ጀመረ፦ "ቆሞ… መጠ… በቅና… ቆሞ… መብ… ላት…" ሰው ሁሉ ሹካውን ይዞ ጠበቀው። "…ክልክል ነው" ብሎ ሲጨርስ ሙሴ ባንኮኒውን በመዳፉ መታ።

"ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ያነበበ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ" አለው። "ግባ አያ፣ ተቀመጥ።"

አባቴ ተቀመጠ። ከዘራው የሚቆምበት ቦታ ስላልነበረ እሱም በሰው ራስ ላይ ተሻግሮ ጥግ ሄደ። ፊት ለፊቱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አዳሙ አሮስቶውን እየቆረጠ ነበር። የአባቴ አሮስቶ ደግሞ አምስት እጅ ዞሮ ደረሰው።

"ምነው ይህ ሁሉ ሰው የኔን ምግብ የዳበሰው?" አለኝ።

"እዚህ እንዲህ ነው አባዬ።"

"ስንቱን ታውቂዋለሽ?"

"ሁሉንም።"

"ማወቅስ ገበያተኛም ይተዋወቃል" አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንች ልጅ፣ እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም። ብትታመሚ ተዚህ ሁሉ ሰው ማን ውኃ ያቀብልሻል? ያ ልጅ ሽማግሌ ቢልክ የላከው ሦስት ሆዳሞች ነው። እሱም ሰው የለው፣ አንችም ሰው የለሽ። አምባ ጊዮርጊስ ግን አክስትሽ ትቀርብሻለች፣ እኔም በእግሬ እደርሳለሁ። በይ ጓዝሽን ያዥ፤ ማኪናው በስምንት ሰዓት ነው።"

ነገሩ ይህ እንደነበር ያኔ ገባኝ። በሽማግሌዎቹ አፍሮ፣ በዶሮው ተናዶ መስሎኝ ነበር። ፈርቶልኝ ኖሯል። ልመልስለት አፌን ስከፍት የመንገዱ በር ተከፈተ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ፤ አቶ ወልደ ገብርኤል ከፊት፣ በኮቱ ላይ ነጠላ ደርቦ። መጥተው መተላለፊያዋ ላይ ቆሙ። ከወገባቸው በላይ ጎንበስ አሉ፤ ከወገባቸው በታች ለመጎንበስ ቦታው አይበቃም።

"አያ ክንዱ" አለ አቶ ወልደ ገብርኤል፣ "በጥር መጥተን አጥፍተናል። ዛሬ ልንክስ ቆመናል።"

አባቴ አያቸውና ወደ ሰሃኑ ተመለሰ። "እኔም እዚህ እንግዳ ነኝ። ቤቱ የኔ አይደል" አለ።

ሙሴ ከባንኮኒው ጀርባ ተንጠራራ። የጎንደርን ወግ ከማናችንም ይበልጥ ያውቃል፤ ግን ቅዳሜ በስድስት ሰዓት፣ መተላለፊያዋ ላይ መሆኑ አቃጠለው። "ወልደ ገብርኤል፣ ጽሑፉን አታይም? ተቀመጥ ወይ ውጣ።"

"ዛሬ አልቀመጥም፣ ሙሴ።"

"ሙሳካ ወጥቷል።"

"አልበላም።"

አቶ ወልደ ገብርኤልን ለሃያ ዓመት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ያቺን ቃል ከአፉ የሰማ አልነበረም። ጓድ አዳሙ እንኳ መቁረጡን አቆመ።

እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሙሳካ ይዤ ቆሜያለሁ። ሰሃኑ የመስኮቱ ነው፤ የነርስ ውቢት። መንገዱ በሽማግሌዎቹ ተዘግቷል፤ ሰሃን ለማቀበል ያለው እጅ የአቶ ወልደ ገብርኤል ብቻ ነው። ተናድጄ ስለነበር ሰሃኑን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ይህን ምናለ ነግሮኛል። ሰው ሁሉ ጣቶቹን እያየ ነው። ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ሰሃኑን ለሚቀጥለው ሰው አሳለፈ። አንዲት ቁራሽ አልጎደለችም።

ነርስ ውቢት ሰሃኗን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ሹካዋን ሳታነሣ መልሳ ለሰጣት ሰው ሰጠችው። "ጋሼ ወልደ ገብርኤል ያልቀመሰው ለእኔ አይወርድልኝም" አለች። "እሺ እስኪባል ይቆየኝ።"

ሙሳካው በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ከኋላው ደግሞ የጥጉ ሾርባ መጣ። ከዚያ የሁለተኛው ጠረጴዛ አሮስቶ፣ ከዚያ የዳቦው ቅርጫት። የመዝገብ ቤት ጸሐፊዎቹ አራት ሰሃን በአንዴ መለሱ። ሰሃን ሁሉ ሞልቶ፣ እየጨሰ፣ በሰው ራስ ላይ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ ለይመኙሽ እሰጣለሁ፤ ይመኙሽ የምታስቀምጥበት አጥታ ወለሉ ላይ መደርደር ጀመረች። አንድም ሰው የተቃወመ የለም። በጠገበ ሆድ ቢሆን አይደንቀኝም ነበር፤ እነዚህ ግን ከሁለት ወር ጾም የወጡ ሰዎች ናቸው።

ጓድ አዳሙ ብቻ ቀረ። "ጓዶች" አለ አፉን በመሐረብ ጠርጎ፣ "ይህ ኋላ ቀር ልማድ ነው። አብዮቱ የሴቶችን እኩልነት አውጇል። ልጅቷ ራሷ ትጠየቅ።"

"ጓዱ ሸጋ ብሏል" አለ አባቴ። "የልጄን ልብ ግን አላጣሁትም። ስትገባም ስትወጣም ያን የወጥ ቤቱን በር በምን ዓይን እንደምታየው አይቻለሁ። እኔ ያጣሁት ሌላ ነው።"

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን መሬቱ በሰሃን ተይዟል።

አባቴ ሊበላ እጁን ዘረጋ። በእኛ አገር ሰው ፊት የሚበላ ሰው ግራ ቀኙን "እንብላ" ይላል፤ እነሱም "ብላ፣ ይጣፍጥህ" ይሉታል፤ ካላሉት አይወርድለትም። አባቴ ወደ ግራ ዞሮ "እንብላ" አለ። ዝም። ወደ ቀኝ ዞሮ "እንብላ" አለ። ዝም። ሌሊት አሥር ሰዓት ከኮሶዬ የወጣ ሰው ነው፤ ሆዱ ሲጮህ እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ይሰማኛል። በመጨረሻ ወደ ጓድ አዳሙ ዞረ። "እንብላ፣ ጓዱ።"

ጓድ አዳሙ ሹካውን አየ፤ ሰዉን አየ፤ ጎንበስ ብለው የቆሙትን ሦስት ሽማግሌዎች አየ። ሰሃኑን ቀስ ብሎ ገፋ። "ምግቡ ቀዝቅዟል" አለ፣ ማንንም ሳያይ።

ሙሴ ስታቭሮ ያን ጊዜ ሽርጡን ፈታ። በምሳ ሰዓት ከባንኮኒው ወጥቶ አያውቅም፤ ሆዱን ስቦ፣ በጎን ተንሸራቶ ወጣና ከአቶ ወልደ ገብርኤል ጎን ቆመ፤ በገዛ ማስታወቂያው ሥር።

"አያ ክንዱ" አለ፣ "ሰው የላትም ስትል ሰምቻለሁ፤ እዚህ ቤት የማይሰማ ነገር የለም። ባለፈው ክረምት ይህች ልጅ ተስቦ ይዟት አሥር ቀን ተኝታ ነበር።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ከዘራው አጠገቡ ባለመኖሩ እጁ የሚይዘው አጥቶ ጠረጴዛውን ያዘ። "ታመሽ ነበር?"

"ድኛለሁ እኮ አባዬ።"

"ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ክረምት ነበር። ጭቃው። እንዳትንከራተት ብዬ።"

ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ያን ፊቱን እናቴ ስትቀበር ነበር ያየሁት። "ማን አስታመመሽ?" አለኝ።

ቤቱን በእጄ አሳየሁት። ሙሴ ሾርባ ሠራ፤ ይመኙሽ በጀበና አደረገችው እንዳይፈስ፤ ከዚያ ጀበናው እንደ ሰሃኑ እጅ በእጅ እስከ ቤቴ ድረስ ሄደ። በተራ ነበር የሚያመጡት። አንድ ቀን ነርስ ውቢት፣ አንድ ቀን ጸሐፊዎቹ፣ አንድ ቀን ጓድ አዳሙ ከስብሰባ ተነሥቶ። ምናለ ተራውን ሳይጠብቅ በየቀኑ።

"እኝህስ?" አለ አባቴ፣ በአገጩ አቶ ወልደ ገብርኤልን እያሳየ።

"አምጥተዋል።"

"ሞልቶ?"

አመነታሁ። አባቴ ፊት ዋሽቼ አላውቅም። "ትንሽ ጎደል ብሎ" አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀው ጓድ አዳሙ ነው። ከዚያ ጸሐፊዎቹ፣ ከዚያ ጥጉ፣ ከዚያ ወጥ ቤቱ። አቶ ወልደ ገብርኤል እስከ ጆሮው ቀላ፤ ግን ጎንበስ እንዳለ ቆየ። አባቴ አልሳቀም። እየተዟዟረ እያንዳንዱን ፊት ያይ ነበር፤ ማስታወቂያውን ሲያነብ እንዳደረገው፣ ፊደል ሳይዘል።

"ሰው አላት ለካ" አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ። ከዚያ ጮክ ብሎ፦ "በጥር ይህን ባውቅ ኖሮ የዶሮ ወጡን ቢጨርሱትም እሺ እል ነበር። አሁን ግን ቤት ሙሉ ሰው ጦሙን አሳድሬ ወደ አገሬ የምገባ ሰው አይደለሁም። እሺ ብያለሁ። ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።"

ተቀመጡ አለ፤ የሚቀመጡበት ግን አልነበረም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ግራ ቀኝ አዩ። ወንበር ሁሉ ሰው አለበት፤ ሰው ሁሉ ደግሞ በሌላው ወንበር ተቆልፏል። እሺ ተብለው ካልተቀመጡ ነገሩ አልታሰረም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሙሴ ለመቀመጫ የሚሆን ባዶ ጣሳ ፍለጋ ባንኮኒው ሥር አጎነበሰ።

አባቴ ተነሣ። ከኋላው ያለው ሆዱን ሳበ፣ ከፊቱ ያለው ጠረጴዛውን ያዘ። ኮሶዬ ላይ ሌላው ለእሱ ይነሣለታል እንጂ እሱ ለማንም ተነሥቶ አይቼው አላውቅም። ወንበሩን በጋቢው ጫፍ ጠረገና፣ "ና እዚህ፣ አያ ወልደ ገብርኤል" አለው። ሰውዬው ሲቀመጥ ወንበሩ ጮኸ፤ ሁለቱ ጓደኞቹ ሙሴ ባመጣላቸው ጣሳ ላይ አረፉ። አባቴ ከራሱ አሮስቶ ትልቁን ቆረጠ፣ በዳቦ ጠቀለለና አጎረሰው። "አሁን ብላ" አለው። አቶ ወልደ ገብርኤል እያኘከ አለቀሰ፤ ከደስታ ይሁን ከረሃብ እሱም የሚለይ አይመስለኝም።

ይመኙሽ እልልታዋን ለቀቀችው። ሰሃኖቹ ከወለሉ እየተነሡ መብረር ጀመሩ፤ የማን የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ነርስ ውቢት አሮስቶ ደረሳት፣ ጸሐፊዎቹ ሙሳካ፣ ጓድ አዳሙ ሁለት ሾርባ።

"ልጁስ የት አለ?" አለ አባቴ።

ሙሽራ በሽማግሌ ፊት አይቆምም፤ ምናለ ከጧት ጀምሮ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ሲልጥ ነበር። ልጠራው በሩን በእግሬ ገፋሁ። ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥ ኖሯል፤ በሩ ግንባሩን አገኘው። ግንባሩን ይዞ፣ በሌላው እጁ ያልተላጠ ድንች እንደጨበጠ ወጥቶ የአባቴን ጉልበት ሳመ።

"ይህ ነው?" አለ አባቴ።

"ይህ ነው" አልኩ። ከዚያ በፊት በማንም ፊት እንዲህ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

አባቴ ሰሃኑን አንሥቶ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ እዚያው ማስታወቂያው ሥር ቆሞ መብላት ጀመረ። "እንብላ" አለ። ቤቱ በአንድ አፍ "ብላ፣ ይጣፍጥህ" አለው። መተላለፊያዋ ተዘግታለች፣ እኔ ማለፍ አልቻልኩም፣ ሾርባ በእጄ ላይ ይቀዘቅዛል። ሙሴን አየሁት። እያንጎራጎረ ብርጭቆ ያጥባል፤ ወደ ግድግዳው ቀና እንኳ አላለም።

በስምንት ሰዓት አባቴ ብቻውን ተሳፈረ። ታስሮ የነበረው ጓዜ ቀረና ሙሴ በምትኩ ሙሳካ በትሪ አሲዞ ለአክስቴ ላከላት። የአምባ ጊዮርጊስ ሽማግሌዎች ሰኞ መጥተው ነበር። ምን አልካቸው ብዬ በኋላ ብጠይቀው፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ "ምንም አላልኳቸው። ብርድ ነበር፣ ታየች ዶሮ ሠራች፤ ወዲያው በሉ" አለኝ።

በሰኔ ለሠርጉ ቀጠሮ ሲመጣ እንደገና ምግብ ቤቷ ገባ። ያ ቀን ቅዳሜ አልነበረም፤ ሦስት ወንበር ባዶ ነበር። እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመና ማስታወቂያውን ማንበብ ጀመረ። "ቆሞ መጠበቅና ቆሞ መብላት ክልክል ነው" አለ፤ አሁን በደንብ ያነባል። ከሥሩ በዚያው ቀይ ቀለም አንድ መስመር ተጨምሯል። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሄደበት። "ከ… አያ… ክንዱ… በስተ… ቀር።"

ስሙን ግድግዳ ላይ ተጽፎ አይቶ አያውቅም ነበር። እንደገና አነበበው። የጋቢውን ጫፍ አንሥቶ ዓይኑን ጠረገ።

ወንበር ሳብኩለት። "አረፍ በል አባዬ፣ ዛሬ ቦታ አለ።"

"ተይው" አለኝ፣ ከዘራውን ለቅርቡ ሰው እያቀበለ። "ቆሜ ነው የምበላ።"